የሚያብረቀርቀው ወይስ ደብዛዛው?

ጥያቄ፦ አጎቴ ከውጭ ሲመጣ የህንድ ሰልፍ አሻንጉሊት ወታደሮች አመጣልኝ፤ ለ1903ቱ ዱርባር (በፈረንጆች)፣ ማለትም ለእንግሊዝ ንጉሥ ክብር ለተደረገው ታላቅ በዓል፣ የእንግሊዝ የህንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘን በዝሆን ዴልሂ ሲገባ የሚያሳዩ ናቸው። ልጨምር ፈልጌ ነበር፤ ግን የሚያብረቀርቅም ደብዛዛም ቀለም አለ። የቱን ልሰብስብ? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሰልፍ ከሆነ እኔ የሚያብረቀርቀውን ነው የምመርጠው። የዝሆኑ ወርቃማ ልብስና የፈረሰኛው ቀይ ጥምጣም መብራት ሲያርፍበት ያምራል፣ ብሪቴንስ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የድሮ አሻንጉሊቶችም እንዲህ ነበሩ። ደብዛዛው ግን የልብሱን እጥፋትና የፊቱን ጥላ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ከቅርብ ማየት የምትወድ ከሆነ እሱን ያዝ። ችግሩ የጣት ቅባት ቶሎ ይታይበታል። ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ አትቀላቅል፣ አያምርም። ደብዛዛውን ቫርኒሽ ቀብቼ ላብረቅርቀው እንዳትል ደግሞ! የድሮዎቹ እርሳስ ስላለባቸው ከነካካህ በኋላ እጅህን ታጠብ፣ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱም ከፍ አድርገህ አስቀምጥ።