መልስ፦ የደቡብ አሜሪካ አገሮች እርስ በርስ ለምን ብዙ አይነግዱም?

ወንድሜ፣ «ጎረቤታሞች ናቸው፣ ቋንቋቸውም ይቀራረባል፤ ታዲያ ንግዳቸው ለምን ከሩቅ አገር ጋር ሆነ?» ብለሃል። ካርታ ላይ ጎረቤት መሆንና መንገድ መኖሩ ለየቅል ነው።

በምዕራብ የአንዲስ ተራሮች ወደ 7,000 ኪሎ ሜትር ይዘረጋሉ። መሀሉን የአማዞን ደን ይዞታል። ብራዚል ውስጥ ዋናውን የአማዞን ወንዝ የሚሻገር አንድም ድልድይ የለም!

ለእኔ ግን ትልቁ ምክንያት ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1545 በዛሬዋ ቦሊቪያ፣ ፖቶሲ ላይ የብር ማዕድን ተገኘ። አካባቢውን በቅኝ ትገዛ የነበረችው ስፔን መንገዱን ሁሉ ብሩን ወደ ወደብ ለማውጣት አዋለችው። ንግዱንም በዛሬዋ የፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በኩል እንዲያልፍ አስገደደች። የዛሬዋን የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስን ተመልከት። አትላንቲክ ዳር ተቀምጣ ሳለ፣ የአውሮፓ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ የሚደርሳት በአብዛኛው በፓናማና በሊማ ዞሮ፣ ተራራ አቋርጦ ነበር። ታዲያ ኮንትሮባንዱ ቢጦፍ ምን ይገርማል?

ዛሬም ቺሊ መዳብ፣ ብራዚል አኩሪ አተርና የብረት ማዕድን ትሸጣለች። የሁለቱም ዋና ገዢ ቻይና ናት። ጥሬ ዕቃ የሚሸጥ አገር ጥሬ ዕቃ ከሚሸጥ ጎረቤቱ ምን ይገዛል? ፔሩም በ2024 የከፈተችው የቻንካይ ወደብ ፊቱ ወደ እስያ ነው።

ጭራሽ አይነግዱም ማለቴ ግን አይደለም። ሜርኮሱር የተባለው የደቡብ አሜሪካ አገሮች የጋራ ገበያ በ1991 ከተመሠረተ ወዲህ ብራዚልና አርጀንቲና መኪናና መለዋወጫ በደንብ ይሻሻጣሉ።