ትንፋሽ ሲያጥር በዕድሜ ብቻ አናመካኝ፦ ስለ ሳንባ ጠባሳ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ የሚያነሡት ፐልሞናሪ ፋይብሮሲስን፣ ማለትም የሳንባ ሥጋ ቀስ በቀስ በጠባሳ እየተተካ የሚጠጥርበትን በሽታ በመሆኑ፣ ዛሬ በአንድነት ልመልሳቸው ወድጃለሁ።

ጥያቄ፦ 63 ዓመቴ ነው። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ልጆቼ ግን «የዕድሜ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ «የዕድሜ ነው» የሚለው ቃል ተመርምሮ ሌላ ምክንያት ሲታጣ የሚደረስበት ድምዳሜ እንጂ መነሻ ሊሆን አይገባም። ሳንባ ለዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ከሚያስፈልገው በላይ አቅም ስላለው፣ ጠባሳው ሲጀምር ተቀምጦ የሚያወጋ ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ችግሩ መጀመሪያ የሚገለጠው ዳገት ሲወጣ፣ ዕቃ ሲሸከም ወይም እየተራመደ ሲነጋገር ነው። እጅግ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሰው ሳይታወቀው ኑሮውን ለትንፋሹ ማስገዛቱ ነው፤ እርምጃውን ያዘገያል፣ ደረጃው መካከል ላይ ቆሞ ያርፋል፣ በኋላም የሚያደክመውን ሥራ ሁሉ ይተዋል፤ ከዚያም «ደህና ነኝ» ሲል ከልቡ ነው። ስለዚህ ራስዎን ከእኩዮችዎ ጋር ሳይሆን ከአምናው ከራስዎ ጋር ያነጻጽሩ። አምና ያለ ዕረፍት ይወጡት የነበረው ደረጃ ዘንድሮ የሚያስቆምዎ ከሆነ፣ ይህንኑ እንዳለ ለሐኪም ይንገሩ። የልብ ድካምና የደም ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው አብረው ሊመረመሩ ይገባል።

ጥያቄ፦ ደረቅ ሳል ከያዘኝ አምስት ወር ሆነኝ። አስም ነው ተብሎ የሚሳብ መድኃኒት ቢሰጠኝም አልተሻለኝም።

መልስ፦ አስም በአብዛኛው ይነሣል፣ ይተኛል፤ የሳንባ ጠባሳ ግን የሚያመጣው የማይተው፣ አክታ የሌለው ወይም ጥቂት ብቻ ያለው ሳል ነው። እርግጥ ነው፣ ሳል ብቻውን ይህን በሽታ አያረጋግጥም፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችና የሳንባ ነቀርሳም ያስላሉ። ሆኖም መድኃኒቱ ካልረዳዎ ምርመራው እንደገና እንዲታይ የመጠየቅ መብት አለዎት። ሐኪሙ ልብስዎን ገልጦ የጀርባዎን ግርጌ ከግራም ከቀኝም ሲያዳምጥ፣ በረጅሙ አየር በሚስቡበት ጊዜ መጨረሻ ላይ የጫማ ቬልክሮ ሲላቀቅ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ሊያገኝ ይችላል። ወጪ የማይጠይቀው ይህ ምልክት ቀድሞ የሚሰማ ሆኖ ሳለ በችኮላ ሲታለፍ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ራጅ ተነሥቼ ደህና ነው ተባልሁ፤ የጣት ኦክስጅን መለኪያውም 96 በመቶ አሳይቷል። ይበቃል?

መልስ፦ ምልክቱ ከቀጠለ አይበቃም። ጅማሬ ላይ ያለ ጠባሳ በራጅ ላይታይ ይችላል፤ አጥርቶ የሚያሳየው ሳንባን በስስ ቁርጥ የሚያነሣው ሲቲ ስካን ነው። ኦክስጅንም በዕረፍት ጊዜ ደህና ሆኖ በእርምጃ ጊዜ ሊወርድ ስለሚችል፣ ሐኪሞች ለ6 ደቂቃ እያራመዱ ይለካሉ። የትንፋሽ ምርመራ ሲደረግም የሳንባው የአየር መጠን ብቻ ሳይሆን ጋዝን ወደ ደም የማሳለፍ አቅሙም ቢለካ ይመረጣል፤ ይህ አቅም ቀድሞ ሊቀንስ ይችላልና።

ጥያቄ፦ የጣቶቼ ጫፍ እየወፈረ፣ ጥፍሬም እየጎበጠ ነው።

መልስ፦ የሁለት ተመሳሳይ ጣቶችዎን ጥፍሮች ፊት ለፊት ያጋጥሙ፤ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ካልታየ ለሐኪም ያሳዩ። ምልክቱ በሁሉም የሳንባ ጠባሳ ሕመምተኞች ላይ አይታይም፤ በሳንባ ካንሰርና በአንዳንድ የልብ በሽታዎችም ይከሰታል።

ጥያቄ፦ ጠባሳው የማይጠፋ ከሆነ ቀድሞ ማወቁ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ብዙ ይጠቅማል። አንዳንድ ጊዜ መነሻው ሊወገድ የሚችል ነው፦ የድንጋይ ብናኝ፣ የሻገተ ድርቆሽ፣ የአእዋፍ ላባና ኩስ፣ ወይም ለልብ ምት መዛባት እንደሚሰጠው አሚዮዳሮን ያለ መድኃኒት (መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ)። እንደ ሪህማቶይድ አርትራይተስ ያለ የመገጣጠሚያ በሽታ ሲሆን ደግሞ ሕክምናው ወደዚያው ያዘነብላል። መነሻው ለማይታወቀው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የተፈቀዱት ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ የተባሉት መድኃኒቶች የጠባሳውን ግስጋሴ ያዘገያሉ፤ የጠፋውን ግን አይመልሱም፤ ስለዚህ የሚተርፈው ሳንባ መጠን የሚወሰነው ሕክምናው በተጀመረበት ጊዜ ነው።