የባጃጅ አደጋ፦ «ደም የለም» ብላችሁ አትተዉት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። እህትህ ትናንት ማታ የተሳፈረችበት ባጃጅ ከሚኒባስ ጋር ተጋጭቷል። ጉልበቷ አብጧል፣ ግራ ጎኗን ያማታል፣ ደም ግን የለም። ሹፌሩ 1,000 ብር ይዞ «በስምምነት እንጨርስ» ብሏል። ወጌሻ ይሻላል ወይስ ሐኪም፣ ወረቀቱንስ እንፈርም ወይ ብለሃል።

ጉልበቱን ለጊዜው ተወው። እኔን ያሳሰበኝ ጎኗ ነው። በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ጣፊያ አለ። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ያለውን ብረት ታውቀዋለህ። ባጃጁ ሲጋጭ ከኋላ የተቀመጠው ሰው በጉልበቱና በሆዱ ሄዶ የሚላተመው እሱ ላይ ነው። ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ጣፊያው ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል። አንዳንዴ ከሰዓታት፣ ሲብስም ከቀናት በኋላ ነው የሚታወቀው። ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻዋ ከወጣ፣ ሆዷ ከጠጠረ፣ ካዞራት ወይም ካላባት ደቂቃ አትጠብቁ። ይህ ሁሉ ባይኖርም ዛሬውኑ ውሰዳትና በአልትራሳውንድ ትታይ። ጭንቅላቷን ተመትታ እንደሆነም ጠይቃት። የሚያስመልሳት ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ያው ነው፣ ሩጡ።

ሐኪም አይደለሁም። ተገልብጬ ስለማውቅ ነው የምለፈልፈው።

2011 ሐምሌ ላይ ነው፣ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ወደ አባይ ማዶ። ከኋላ ሦስት ነን። አንድ ልጅ ደግሞ ሹፌሩ አጠገብ ግማሽ አካሉን ውጭ አድርጎ ተለጥፏል። ዝናብ ስለነበር ሸራው ተዘግቷል። ከፊታችን የነበረ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ድንገት ቆመ። ሹፌራችን በግራ ላምልጥ ብሎ መሪውን ጠመዘዘ፣ የሚኒባሱን ጥግ ነካንና ወደ ቀኝ ተገለበጥን። ባጃጅ ከፊት ያለው አንድ ጎማ ነው፤ በፍጥነት እየሄደ ድንገት ሲታጠፍ ከታጠፈበት በተቃራኒ ነው የሚወድቀው።

ቀኝ ጫፍ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ። የእጅ አንጓዬ በአስፋልቱና በባጃጁ ብረት መሃል ገባ፣ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ከላዬ። ሸራው ተዘግቶ ስለነበር መውጫው እንኳ ጠፍቶን ነበር። ደም? ክርኔ ላይ ትንሽ ጭረት። የተሰበሰበው ሰው «እግዜር አተረፈህ!» እያለ ብብቴን ይዞ ጎትቶ አነሳኝ። (አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመውን ሰው እንዲህ ማንሳት ትልቅ ጥፋት ነው። ያኔ ማን ያውቃል!) ሹፌሩ 300 ብር ሰጠኝ። ተቀብዬ ሄድኩ። ታርጋውን እንኳ አላየሁም።

ከዚያ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። አሸኝና በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሲነጋ ጣቶቼ አብጠው ቀዝቅዘዋል። ስነካቸው የሌላ ሰው ጣት ይመስሉኝ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ምንም ሳይጠይቀኝ መጀመሪያ ያደረገው እስሩን በመቀስ መቁረጥ ነው። «ትንሽ ብትቆይ እጅህን ታጣው ነበር» አለኝ። ራጅ ሲነሳ አንጓዬ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። እስካሁን ክረምት ሲገባ ይጠዘጥዘኛል። ስለዚህ ያንን ጉልበት ራጅ ሳይነሳ ማንም እንዳያሽባት።

ወረቀቱን አትፈርሙ። ቢያንስ ሐኪም ሳያያት አትፈርሙ። 1,000 ብር ለምርመራውም ላይበቃ ይችላል። ባጃጁም ሚኒባሱም የሦስተኛ ወገን መድን (ለተጎዳ ሰው የሚከፍል ኢንሹራንስ) እንዲኖራቸው የሕግ ግዴታ አለባቸው። ነገር ግን ትራፊክ ሳይመዘግበው መድን ድርጅት በር ላይ ቆመህ ብታወራ የሚሰማህ የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ትራፊክ ፖሊስ ጋ አስመዝግቡ። የሁለቱን ታርጋ፣ የባጃጁን የጎን ቁጥር፣ አብረዋት የነበሩትን ተሳፋሪዎች ስልክ ያዙ። የሕክምና ደረሰኝ አንድም አትጣሉ። ሹፌሩን እንደ ጠላት አትዩት፤ ባጃጁ የራሱ ላይሆን ይችላል፣ ለባለቤቱም የቀን ገቢ አለበት። የተጣደፈውም ለዚያ ይሆናል። ቢሆንም የእህትህ ጣፊያ በእሱ ችግር አይደራደርም።

ከታች አስተያየት የጻፈች አንዷ «ታዲያ የት እንቀመጥ?» ብላለች። እኔ መሃል እቀመጣለሁ። ጠባብ ነው፣ ግን ሲገለበጥ አስፋልቱ ላይ የሚወድቀው ጫፍ ያለው ነው። ክርኔን ወደ ውጭ አላወጣም። ሹፌሩ አጠገብ ሰው ከጫነ እወርዳለሁ። ሁለት ጊዜ ተሰድቤበታለሁ።

ሆስፒታል ስትደርሱ ምን እንዳሏችሁ እዚሁ ጻፍልን። አምቡላንስ ካስፈለጋችሁ የቀይ መስቀል 907 ነው።