ሰውና ቡና በአንድ መርከብ፦ የባሕር ሙያ ለምትማሩ ወጣቶች

በባቦጋያም ሆነ በሌላ ቦታ የባሕር ሙያና ሎጂስቲክስ ለምትማሩ ልጆቼ፤

ዛሬ ወደብ ላይ የምታዩት መርከብ በአብዛኛው ወይ ሰው ይጭናል ወይ ዕቃ። እኔ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይጭኑ የነበሩትን የ1950ዎቹን (እ.ኤ.አ.) መርከቦች እንድታጠኑ እመክራችኋለሁ። ዛሬ በየክፍሉ ተበጣጥሶ የምትማሩት ሙያ እዚያ አንድ ላይ ይገኛል።

የብሪቲሽ ኢንዲያ የመርከብ ኩባንያን ሁለት መርከቦች፣ «ኬንያ»ን እና «ዩጋንዳ»ን ውሰዱ። አንዷ በ1951፣ ሌላዋ በ1952 ሥራ ጀመሩ። ከለንደን ተነሥተው በስዊዝ ቦይና በኤደን በኩል ሞምባሳ፣ ዛንዚባር፣ ዳሬሰላም፣ ቤይራ ይደርሱ ነበር። እያንዳንዳቸው ወደ 300 የሚጠጋ ተሳፋሪ ይይዛሉ፤ ከሥሩ ሆልድ፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበት የመርከቧ ሆድ አለ። ግሮስ ቶናቸው ከ14,000 በላይ ነው ሲባል ክብደት እንዳይመስላችሁ። የዚያ ዘመን ግሮስ ቶን የሚለካው ቦታን ነው፤ አንዱ 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 2.83 ሜትር ኩብ ነው።

የጭነት ፕላን የሚሠራው ከመጨረሻው ወደብ ተነሥቶ ነው፤ መጨረሻ የሚራገፈው መጀመሪያ ይገባል። ችግሩ ለሞምባሳ የሚሄደው ከባድ ማሽን፣ ለቤይራ የሚሄደው ቀላል ካርቶን ሲሆን ነው። ማሽኑ ከታች መቀመጥ አለበት፤ ቀድሞ መውረድም አለበት። በዚያ ላይ የተሳፋሪው ፎቅ ከላይ ከባድ ነው፤ ከታች ታንኮች ውስጥ ያለው ነዳጅና ውኃም በየቀኑ ያልቃል። የክብደት ማዕከሉ ከፍ ሲል መርከቧ ቀስ ብላ ትጋደማለች፣ ለመቃናትም ትዘገያለች። ክብደቱ ከመጠን በላይ ከታች ከሆነ ደግሞ በድንገት እየተመነጨቀች ማሰሪያ ትበጥሳለች፣ ተሳፋሪውንም ታስታውካለች። መፍትሔው ከባዱን ዕቃ ለየሆልዱ ማከፋፈልና ባዶ ለሆነ ታንክ ባላስት (ለክብደት የሚገባ ውኃ) መሙላት ነው። ግን ሙሉ በሙሉ ሙሉት፤ በግማሽ የተሞላ ታንክ ውስጥ ውኃው ወዲያ ወዲህ ሲል መረጋጋቱን ይቀንሳል።

በመልሱ ጉዞ ቡናና የዛንዚባር ቅርንፉድ ይጫናል። ሁለቱን አንድ ሆልድ ውስጥ ያስገባ ሰው ለንደን ላይ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ቡና ያወርዳል። ጥሬ ቆዳማ ጭራሽ አጠገቡ አይደርስም።

ከሁሉ በላይ ዕቃ የሚያበላሸው ግን ላብ ነው። ቡና ሙቀትና እርጥበቱን ይዞ ከሞምባሳ ተነሥቶ በአውሮፓ የብርድ ወራት ወደዚያ ሲቃረብ የመርከቧ ብረት ይቀዘቅዛል፤ የሆልዱ እርጥብ አየር ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ያኔ አየር ማስገባት ያስፈልጋል። ወደ አፍሪካ ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከቀዝቃዛ አገር የተጫነ ብረት ቀይ ባሕር ላይ አየር ከተከፈተለት የውጪው እርጥበት እላዩ ላይ ያርፍና ይዝጋል። ሕጉ ቀላል ነው፤ የውጪው አየር የጤዛ ነጥብ (እርጥበቱ ወደ ጤዛ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት) ከሆልዱ ካነሰ ክፈቱ፣ ከበለጠ ዝጉ። የሆልዱን የጤዛ ነጥብ መለካት ካልተቻለ፣ ዕቃው ሲጫን የነበረውን ሙቀት መዝግቡና የውጪው አየር ከዚያ ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ክፈቱ። ሌሊትም ቢሆን በየፈረቃው ይመዝገብ፤ የካሳ ክርክር ሲመጣ ዳኛው የሚጠይቀው ያንን መዝገብ ነው።

የተሳፋሪው ሻንጣም ፕላን ነበረው፤ ካቢን የሚገባ፣ በጉዞ መሐል የሚፈለግ፣ እስከ መድረሻው የማይፈለግ ተብሎ በሦስት መለያ ይለጠፍበታል። ሦስተኛው ሆልድ ውስጥ ይገባል፤ መለያውን ያሳሳተ ሰው ሳምንታትን በአንድ ልብስ ይገፋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ሙቀት ቀይ ባሕርን ወደ ደቡብ ሲወርዱ ነፋሱ ከኋላ ነው። ፍጥነቱ ከመርከቧ ጋር እኩል ከሆነ ዴኩ (የመርከቧ ክፍት ወለል) ላይ አየር ይጠፋል። የከሰዓት ፀሐይ የሚያቃጥለው ቀኝ ጎኑን ስለሆነ አዋቂ ሰው የግራ ካቢን ይጠይቅ ነበር።

እነዚህን መርከቦች ያጠፋቸው ጄትና ኮንቴይነር ነው። ጄቱ ተሳፋሪውን፣ በ1956 ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን በ58 ሣጥኖች የተጀመረው ኮንቴይነር ደግሞ ጭነቱን ወሰደ። ከ1967 እስከ 1975 የስዊዝ ቦይ መዘጋቱም ተጨመረበት። ላቡ ግን አልጠፋም፤ ወደ ሣጥኑ ተዛወረ። በጅቡቲ የሚወጣ ቡና ስታስጭኑ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብታችሁ በሩን አስዘጉ። የብርሃን ጭላንጭል ካያችሁ ጣሪያው ወይም ግድግዳው ተበስቷል፤ መልሱት። ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ፣ አሽትቱ፤ እርጥብ ከሆነ ወይም ኬሚካል ከሸተተ አትቀበሉት። ግድግዳውንና ወለሉን በክራፍት (ጠንካራ ቡናማ) ወረቀት አልብሱ፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ስቀሉ፣ የላይኛውን ጆንያ በወረቀት ሸፍኑ። የቡናው እርጥበት ከ12 በመቶ በላይ ከሆነ ግን መጣጩም ስለማያድነው ከመጫኑ በፊት ወደ መጋዘን ይመለስ።