“ሲሞላልኝ” ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በሂሳብ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከወጣት ባልደረቦቼ አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበር፤ “ሲሞላልኝ” የሚል። ደመወዜ ከፍ ሲል ወንድሜን አስተምራለሁ። ኮንዶሚኒየሙ ሲደርሰኝ የሰፈሬን አረጋውያን እጠይቃለሁ። ብድሬን ስጨርስ እንዲህ አደርጋለሁ። ቃሉን በደንብ የማውቀው እኔም ደጋግሜ ስላልኩት ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ይህ ቃል በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እዳዬ ናቸው፤ ዶክተር አበበች ጎበና። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ነው ያጣናቸው። ዕድሜያቸው 85 ነበር። ብዙዎቻችሁ “የአፍሪካዋ እናት ቴሬዛ” ሲባሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ቅጽል ብዙም አይዋጥልኝም። ሰውን ከፍ አድርገን ከሰቀልነው በኋላ “እሷማ ሌላ ፍጥረት ናት” ብለን እንገላገላለን። “እዳዬ” ይሻለኛል። የቤት ስም ነው፤ ቀርቦ የሚያውቅ ሰው የሚጠራው።

እዳዬ የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ነው። ጣሊያን የገባበት ዘመን ነው። አባታቸው በዚያው ጦርነት ሞቱ፤ እሳቸው ገና ጨቅላ ነበሩ። አያቶቻቸው አሳደጓቸው። አሥር ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ። ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እንግዲህ አስቡት፣ ያቺ ልጅ ለማንም የመስጠት ግዴታ አልነበረባትም። ዓለም ለእሷ ምን ሰጣት?

አዲስ አበባ ውስጥ ተማሩ፣ ከጊዜ በኋላም በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት በጥራት ተቆጣጣሪነት ሥራ ያዙ። አገቡ። ቤት ሆነላቸው። እንግዲህ በእኛ አነጋገር “ሞላላቸው” ማለት ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። አካባቢው በረሃብ ተመትቶ ነበር። ሰው በየመንገዱ ወድቋል። አንዲት ሕፃን ከሞተች እናቷ ጎን ጡት ትፈልጋለች። እዳዬ በእጃቸው የነበረው አንድ ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ነው። ያንኑ አከፋፈሉት። ሲመለሱ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ከዳቦውና ከጠበሉ በቀጥታ ወደ ትልቁ ድርጅት ይዘላል። እኔን የሚይዘኝ መሃሉ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባልም ቤተሰብም “አብዳለች” አለ። ከልጆቹና ከትዳራቸው እንዲመርጡ ሆነ፤ ልጆቹን ይዘው ወጡ። ሞልቶ የነበረው ሁሉ የጎደለው መስጠት ከጀመሩ በኋላ ነው።

የሂሳብ ሰው ነኝና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሳላሰፍር አላልፍም። 21 ልጅ በቀን ሁለት ሁለት እንጀራ ብቻ ቢበላ 42 እንጀራ ነው። በወር 1260። ወጡን አልጨመርኩም። ሳሙናውን፣ ደብተሩን፣ ሌሊት ትኩሳት የያዘውን ልጅ መድኃኒት አልጨመርኩም። ደመወዝ የለም፤ ከጀርባ የሚደግፍ ባል የለም።

ታዲያ በምን አደረጉት? እንጀራ ጋግረው ሸጡ። ቆሎ ሸጡ። ዳቦ ሸጡ። ልጆቼ፣ ከሕይወታቸው ሁሉ ይህቺን ክፍል ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ስለ ደግ ሰው ስናወራ ስለ ልቡ ብቻ እናወራለን። ልብማ በዚያ መንገድ ላይ ያለፈ ብዙ ሰው ነበረው። ስንቱ አልቅሶ፣ ስንቱ አንጀቱ ተላውሶ አልፏል። እሳቸው ግን በማግስቱ ተነስተው ምጣድ ጣዱ። በሳምንቱም ጣዱ። በወሩም። ያ የመጀመሪያ ቀን ርኅራኄ ለልጆቹ ዕለት ዕለት ቁርስ የሆነው በዚህ ነው። ቡናና እህል ሲመረምር የኖረ ዓይን ደግሞ የቱ ዕቃ ገበያ እንደሚያወጣ ያውቃል ብዬ አምናለሁ። ሙያቸውን ጥለውት አልመጡም፤ ይዘውት ነው የመጡት። በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት የበቀለው ከዚያ ምጣድ ነው። በኋላማ ልጆችን ከማሳደግ አልፎ ትምህርትና ሥራ ለብዙ ሺህ ሰው አዳርሷል።

ቤታችሁን በትናችሁ ውጡ አልላችሁም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለሰው አይመክርም። የምለምናችሁ ሌላ ነው። በክረምት በጎ ፈቃድ ስትወጡ፣ የአቅመ ደካሞችን ጣሪያ ስትቀይሩ አያችኋለሁ። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። ግን ከመስከረም በኋላስ? ጣሪያቸው የተቀየረላቸው እናት ኅዳር ላይ ውሃ የሚቀዳላቸው አጥተው ይሆናል። ሂዱና አንኳኩ። ካሜራውን ደግሞ ቤት ተዉት። ችግሩን አደባባይ ለማውጣት ፈቃዱን ያልተጠየቀ ሰው፣ የተሰጠውን ዘይት ይዞ አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ። ያ ዓይን እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ እንደጀመርኩ ጎረቤታችን የነበሩ እናት ጠሩኝ። ጉልት ቸርቻሪ ነበሩ። “ልጄን ሂሳብ አስጠናልኝ፣ ሚኒስትሪ ደርሷል” አሉኝ። “እሺ እማማ፣ ትንሽ ልደላደል” አልኳቸው። እድገት እየጠበቅሁ ነበር። ማታ ማታ ኮርስ እወስድ ነበር። ሳምንት ሳምንትን ወለደ። ልጁ ሚኒስትሪ ወደቀ፣ ትምህርቱንም ተወው። እኔ ባስጠናው ያልፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። እናቱ ግን አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ባገኙኝ ቁጥር “እንዴት ነህ ልጄ፣ ሥራ ጥሩ ነው?” ይሉኝ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እድገቱ መጣ፤ ሁለተኛውም መጣ። የተደላደልኩበትን ቀን ግን አላስታውሰውም።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በእድራችን ቤት ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ። የምሰጠው ገንዘብ የለኝም፤ የማውቀው ገቢና ወጪ መጻፍ ነው። ሰፈር ውስጥ የሚነግዱ እናቶች ይመጣሉ። አንዷ ሽሮና በርበሬ ትሸጣለች። ስትመጣ “እሸጣለሁ፣ ግን ገንዘቡ የት እንደሚገባ አላውቅም” አለችኝ። የንግዱም የቤቱም ብር አንድ መቀነት ውስጥ ነበር። ልጇ ደብተር ሲፈልግ ከዚያው፣ ሽምብራ ስትገዛም ከዚያው። ብዙ አላስተማርኳትም። መቀነቷ ላይ ሁለት ቋጠሮ አደረግን፤ በቀኝ የንግዱ፣ በግራ የቤቱ። ማታ ማታ ስድስተኛ ክፍል የሆነችው ልጇ በደብተር ትጽፍላታለች።

ያለፈው ቅዳሜ ደብተሩን ስናይ ከቀኙ 200 ብር ጎደለ። እኔ ወደ ኋላ እየገለጥኩ ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ።

“አገኘሁት ጋሼ” አለች፤ “ማክሰኞ ለልጅቷ ጫማ ስገዛ ከቀኝ ወደ ግራ አሻግሬ ሳላስጽፍ ቀረሁ።”

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጎረቤቷን ይዛ ትመጣለች። ድንች የምትሸጥ ናት፤ እሷም አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው ያላት አለችኝ።