የሰፈር ወሬ አትናቁ ልጆች

ልጆች፣ እኔ ግብርና ላይ 31 አመት ሰርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ አብዛኛውን እዛው መንዝ፣ አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። ከናንተ መሃል ገና ተመርቆ ገጠር የተመደበ ወይ ለበአል አገሩ የሚገባ ልጅ ካለ ይቺን ያንብብልኝ። ስለ ስራ ፍለጋ አልመክራችሁም፣ እሱን የሚመክር ሞልቷል። የኔ ነገር ስለ ወሬ ነው፣ ስለ ሰፈር ወሬ፣ ስለ አውሬውና ስለ እንስሳው የሚወራውን ደብተር ላይ ስለ መያዝ።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰንበቴው ላይ ጠላ ሲቀዳ የሚወራውን ታውቁታላችሁ፣ ጅብ የነእንትናን አህያ በላ፣ ታች ሰፈር ያበደ ውሻ ገብቷል፣ ጭላዳው ገብሱን ጨረሰው ምናምን። እኔ በናንተ እድሜ ይሄን ሁሉ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ነበር የማፈሰው፣ ፎርም ሞልቼ ሪፖርት ለመላክ ነበር ጥድፊያዬ፣ ፎርሙ ላይ ደግሞ ስለ ጅብም ስለ ውሻም የሚሞላ ቦታ የለም።

ያበደውን ውሻ እንኳ ብቻውን ውሰዱት። ቀይ ቀበሮ በአለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፣ አዋቂ አዋቂው ቢቆጠር 500 አይሞላም ይባላል፣ እሱን ከሚጨርሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ከሰው ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ በ1996 አ.ም. አካባቢ ገብቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሶስት አራተኛውን ያህል ፈጅቷል። እንግዲህ "ታች ሰፈር ያበደ ውሻ ገባ" የሚለውን ወሬ ቀኑንና ቦታውን ይዞ በሰአቱ ለእንስሳት ሃኪም የሚደውል አንድ ልጅ ቢኖር ብላችሁ አስቡት።

የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ እዛው መንዝ፣ ጓሳ የሚባለው የሳር ሜዳ ላይ በግ ስጠብቅ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሃል ገብቶ ዝም ብሎ ሲሄድ አይ ነበር፣ ጭላዳው አይሸሽ፣ እሱም የጭላዳውን ግልገል አይነካ፣ አይጡን ብቻ እያደባ ላፍ ያደርጋል። የሁልጊዜ ነገር ስለሆነ ማንም ጉዳዬ አላለውም። ኋላ እዛው ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው ቆጠሩት፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ4 ሙከራ 1 ጊዜ ያህል ነው የሚቀናው፣ ጭላዳ መሃል ሲሆን ግን ከ3ቱ 2 ጊዜ ያህል፣ ይሄው በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወጣና አለም ጉድ አለ። እኔ ደብተር አልነበረኝም፣ ቢኖረኝም አልጽፈውም ነበር።

የጻፍኩትም ቢሆን የት ደረሰ መሰላችሁ። አንድ የሰራሁበት መስሪያ ቤት አሮጌ ፋይል አጸዳለሁ ብሎ በኪሎ ሸጦት ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ ገበያ ቆሎ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ብፈታው የገዛ እጅ ጽሁፌ! የውርጭ መዝገብ ነው፣ ቀኑ አለ፣ ቀበሌው በዘይት ርሷል። ቆሎውን በላሁት፣ ምን ላርግ። ስለዚ ሁለት ቦታ ያዙ፣ ደብተርም ስልክም።

ጓሳን ድሮ የሚያስተዳድረው የቄሮ ስርአት ነበር (ከፖለቲካው ጋር እንዳታገናኙት፣ ይሄ የሳር ነው)፣ አባ ቄራ የሚባል ይመረጥና ሳሩ ለ3ም ለ5ም አመት ይዘጋል፣ ከዛ በበጋ ይከፈትና ሰው ለቤት ክዳን ያጭዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ስርአት ፈረሰ፣ ኋላ ማህበረሰቡ እንደገና በራሱ ህግ መጠበቅ ጀመረ። ታዲያ እኔ መቼ ተዘግቶ መቼ እንደተከፈተ ለማወቅ ሽማግሌዎች ዘንድ ስሄድ አንዱም አመተ ምህረት አይነግረኝም፣ "የእገሊት ሰርግ የሆነ ጊዜ ተከፈተ"፣ "ትልቁ መሪጌታ ያረፉ አመት ዝግ ነበር" ነው መልሱ። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ሰርጉንና ለቅሶውን ከእድር መዝገብ ማየት ጀመርኩና አመቶቹ አንድ በአንድ ወጡልኝ፣ የሳሩ ታሪክ እድር መዝገብ ውስጥ ነው የተገኘው እላችኋለሁ። የልደት የሞት የሰርግ ወሬ ስትሰሙ እንግዲህ እሱንም እዛው ደብተር ላይ ጣል አድርጉት፣ ለየብቻ አትያዙት።

አያያዙ ቀላል ነው፣ ቀን፣ ቦታ፣ ስንት፣ ማን አየ። ራሳችሁ ካያችሁት "አየሁ"፣ ሌላ ከነገራችሁ "ተነገረኝ" በሉ፣ ሁለቱን አትቀላቅሉ። አሁን ያየነውን እንስሳና ወፍ የምንመዘግብባቸው እንደ አይናቹራሊስትና ኢበርድ ያሉ አፖች አሉ፣ ጥሩ ናቸው፣ ግን አንድ ልጅ ወፏን "2 ሰአት" ብሎ ሞልቶ ለሌሊት ሲያስመዘግባት አይቻለሁ፣ ጠዋት በኛ 2 ሰአት ማለት እዛ ላይ 8 ነው፣ አመቱም በ7 ወይ በ8 ይለያያል፣ ደብተሩ ላይ በኛ፣ አፑ ላይ በነሱ። የቀበሮ ጉድጓድ ካገኛችሁ ደግሞ ከነቦታው ቲክቶክ ላይ እንዳትለቁት፣ እባካችሁ።

ፈልጋችሁ ያጣችሁትንም አላየሁም ብላችሁ ጻፉ። የመስቀል ወፍ በአመት አንዴ መጥታ ትሄዳለች ሲባል አይደል ያደግነው፣ የትም አትሄድም፣ ወንዱ ክረምቱ ሲወጣ ደማቅ ላባ ያወጣና በኋላ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከሌላው ወፍ ጋር ይመሳሰልብናል። ይሄን የሚያውቅ ሰው ህዳርና ጥር ላይም ቁጥቋጦውን ያየ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ከገበያ ስትመለስ ደወለችልኝ፣ "ጋሼ ጭላዳ ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥቶ ብታይ ብዙ ነው" አለችኝ። ብዙ ስንት ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ቆይ አትዝጋው፣ ልቁጠር" አለች፣ እኔም ካርዷ እስኪያልቅ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቁጭ።