የቦይለሩ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ልጅ ጥያቄ ጠየቀኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ግን እጄ እንዳይዝግ በሳምንት ሁለት ቀን ጓደኛዬ የጥርስ ክሊኒክ ብቅ እላለሁ። ልጁ ኢንጂነሪንግ ጨርሷል። ሲያወራ ጥርሱ እንዳይታይ ከላይኛው ከንፈሩ ጋር ይታገላል። «ዶክተር፣ ይሄን ነገር ባሠራው ኢንተርቪው ላይ ይሻለኛል አይደል?» አለኝ። አፉን ሲከፍት፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል አወቅሁት። «የት ነው የተወለድከው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «አዳማ አካባቢ» አለ።

አካባቢው ወንጂ ነው። ጥርሱ ነግሮኛል። እኔም እኮ ግማሽ ዕድሜዬን «ናዝሬት አካባቢ» ስል ነው የኖርኩት።

ያን ቀን ተገቢውን መልስ አልሰጠሁትም። ቀጠሮ ሰጥቼ ሸኘሁት፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፣ ለሱም ለእናንተም።

ወንጂን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዳማ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ አዋሽ ከቆቃ ወጥቶ ሜዳውን የሚያጠጣበት። ፋብሪካውን ያቆመው ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንዶች ኩባንያ ነው። ሰዎቹ ጃቫ ላይ ስኳር ሲነግዱ ኖረው፣ ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ መሬት ፍለጋ ወደኛ መጡ። በ1946 ዓ.ም. ጃንሆይ ባሉበት ተመረቀ። ሸዋ የሚባለው ሁለተኛው ፋብሪካ በ1955 ተጨመረ፤ በ1967 ደርግ ወረሰው። የከተማው ሙሉ ስም ወንጂ ገፈርሳ ነው፤ ግን ወንጂ ካልን ፋብሪካውንም፣ ካምፑንም፣ አገዳውንም፣ ሁሉንም ማለታችን ነው።

አገዳ ቆራጩ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ ይመጣ ነበር። አባቴ ግን ቦይለር ላይ ነበር። አገዳው ተጨምቆ የሚቀረውን ገለባ፣ ባጋስ ይሉታል፣ እሱን እያነደደ ፋብሪካውን በእንፋሎት የሚያስኬደው ክፍል ማለት ነው። ካምፑ ውስጥ ሰው በስሙ ብዙም አይጠራም። እኔ «የቦይለሩ ልጅ» ነበርኩ። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ማሳው ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ላባ የመሰለ ጥቁር አመድ ከሰማይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። እናቴ ነጠላዋን የምታሰጣው ሰማዩን ዓይታ ነበር። እኛ ልጆቹ ደግሞ ከተሳቢ ላይ አገዳ እንጎትታለን፤ ስንያዝ በዚያው አገዳ እንገረፋለን። የሞላሰስ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ይሄን የምጽፈው መክሰሴን በልቼ ነው፣ ስኳር በሽታ ስላለብኝ ሻዬ ግን ባዶ ነው፤ ወንጂ ተወልዶ ስኳር መከልከል ይገርማል።

ወደ ጥርሱ ልመለስ። ወንጂ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እንዲያውም የጂኦሎጂ ሰዎች ሸለቆውን የሚሰነጥቀውን መስመር «የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ስሟ በውጭ አገር መጽሐፍ አለ። በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲንቆረቆር የኖረ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፤ ጥርስን ቡኒ የሚያደርገው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ የኛ ጉድጓዶች ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበሩ። በኋላ ማጣሪያ ተተከለ፤ ለእኛ ዕድሜ ግን አልፏል። ይሄ ነገር ጥርስን የሚጎዳው ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ነው፤ እስከ ስምንት ዓመት ግድም። ከዚያ በኋላ ቢጠጡት ጥርስ ምንም አይሆንም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አባቴ ወንጂ የገባው ጎልማሳ ሆኖ ነው። ጥርሱ እንደ ወተት ነጭ ነበር። የእናቴም እንዲሁ። የካምፑ ወላጆች ጥርሳቸው ነጭ፣ የልጆቻቸው ቡኒ። ታዲያ ወላጅ ምን ይላል? «አትፍቁም! ቆሻሾች!» ይላል። መፋቂያ፣ ከሰል፣ ጨው፣ አመድ ያልተሞከረብን ነገር የለም። ድዳችን ይደማል፣ ቀለሙ ፍንክች አይልም። ሁለተኛ ደረጃ ናዝሬት ስንገባ ደግሞ አፋችንን ስንከፍት ያውቁናል፤ የወንጂ ልጅ መታወቂያ አያስፈልገውም ነበር። ወላጆቻችንም አላመለጡም፣ የነሱ በአጥንት መጣ። አባቴ በስተርጅና አንገቱን ማዞር አቃተው፤ ሲጠሩት ሙሉ ገላውን ይዞ ነበር የሚዞረው። «ዕድሜ ነው» ይል ነበር።

የጥርስ ሕክምና የተማርኩት ሶቭየት ኅብረት ነው። ፍሎራይድ የሚለውን ምዕራፍ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ፣ በበረዶ ውስጥ ብዙ ተራመድኩ። ቆሻሻ አልነበርንም ለካ! ግን ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ለእናቴ ደብዳቤ አልጻፍኩም። አብሮኝ ለሚማር ልጅ የፊት ጥርሶቼን ሰጠሁት፤ ለልምምድ ብሎ ሸፈነልኝ። በ1977 አገሬ ስገባ ነጭ ጥርስ ይዤ ገባሁ። ከየት ነህ ሲሉኝ «ናዝሬት አካባቢ»።

በ1978 አንድ መንግሥት ሆስፒታል እሠራ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ጠዋት ነው፤ አለቃዬ ከሁለት ተለማማጆች ጋር አጠገቤ ቆሟል። አንዲት እናት ሴት ልጇን ይዛ ገባች። ልጅቷ አሥር አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አፏን በነጠላ ጫፍ ይዛለች። ከናዝሬት በባቡር መጥተው ለገሃር ነው የወረዱት፤ እናትየዋ ትኬቱን እንኳ እጇ ላይ ጨብጣዋለች። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ጥርሷ ቡኒ ነው፣ ድዷ ደግሞ ቆስሏል። ከሰል ነው። ወዲያው አወቅሁ፤ የኔ ድድ ነበር።

እናትየዋ ግን እኔን ታያለች። ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ፊቷ በራ። «አንተ! የቦይለሩ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አለች።

አለቃዬ ቀና አለ። ተለማማጆቹም ቀና አሉ። እኔ... «ተሳስተዋል እናቴ፣ ወንጂን አላውቀውም» አልኩ። ወንጂ የሚለውን ስም እሷ እኮ አልጠራችውም ነበር! ይሄ ራሱ ዛሬም ያሳፍረኛል። እሷም ሰምታዋለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ልጇን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት።

ያ ብቻ ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። ግን ስለ ውሃው ብናገር ከየት አወቅህ የሚባል መሰለኝ። ሞኝነት ነው፤ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ማንም ሐኪም ሊያውቀው ይችላል። ፍርሃት ግን አያመዛዝንም። ካርዷ ላይ የሆነ ነገር ጻፍኩና ለልጅቷ «በደንብ ፋቂ እሺ? ጠዋትና ማታ» አልኳት። እናትየዋ ልጇን ገልመጥ አደረገቻት። «አላልኩሽም?» የሚል ግልምጫ። ልጅቷ አፏን መልሳ በነጠላው ያዘች። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ማታ ቤት ስትገባ ምን ከሰል እንደጠበቃት አስባለሁ።

ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ሄጄ ነበር። አሮጌው ወንጂ በ2003፣ ሸዋ በ2005 ነው የቆሙት፤ አዲሱ በዶዶታ በኩል ተተከለ፣ አገዳው አሁንም አለ። ለአባቴ ቦይለር ብዬ ነው የሄድኩት ብያለሁ ለቤተሰቤ። ውሸት ነው። ሴትየዋን ነበር የፈለግሁት። ስሟን አልጠየቅሁም፣ ካርዱ ላይ የልጅቷን ስም ራሴ ጽፌው ራሴ ረሳሁት። ካምፑ ውስጥ ሽማግሌዎች አገኘሁ፣ ቡና አፈሉልኝ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። «የቦይለሩ» ስል አንዱ ቆሞ አቀፈኝ። ሲያቅፈኝ አንገቱ አይታጠፍም።

እንግዲህ ምክር ከፈለጋችሁ፦ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ጥርሳችሁ ላይ አታድርጉ፣ ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን ሁሉ አፋችሁ ውስጥ አትክተቱ። ፍሎራይድ ውሃ በማፍላት አይወጣም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል። ሕፃን ካላችሁና አገራችሁ ስምጥ ሸለቆ ከሆነ የምታጠጡትን ውሃ አስመርምሩ። ጠንክራችሁ ሥሩ፣ ሰው አክብሩ የሚለውን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ያናድዱኛል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥርስ ይፈልጋሉ። ቱርክ ሄደው ጤነኛ ጥርስ አስሞርደው ይመጣሉ፣ ሲስቁ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነው የሚመስለው። «ጥርስህን አታሠራ፣ ኩራ በሱ» ልለው ነበር ያን ልጅ። ግን በየትኛው አፌ? የኔ ሽፋን ሦስት ጊዜ ታድሷል፣ አሁንም አፌ ውስጥ ነው። ሥራ ፍለጋ የሚዞር ልጅን በባዶ ሆዱ ኩራ ማለት ቀላል ነው፣ ለጡረተኛ። እሠራለታለሁ። ላዩን በስሱ ፍቄ፣ የቀረውን በኮምፖዚት፣ ጥርስ በሚመስለው መሙያ፣ እሸፍነዋለሁ፤ ጥርሱን ሳልሞርድ።

ማክሰኞ ነው ቀጠሮው። ትናንት ደወልኩለትና እናትህ የት ናት አልኩት። «ወንጂ» አለ፤ በዚህኛው ጊዜ አካባቢ አላለም። ከቻለች ይዘሃት ና አልኩት። «ለምን ዶክተር? እሷ እኮ ጥርሷ ደህና ነው፣ ነጭ ነው» አለኝ።

አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው አልኩት።